ጉድፍ ቆጣሪዎች

በ1767 የለንደኑ ሐኪም ዊልያም ሄበርደን ለሙያ ባልደረቦቻቸው አንድ አጭር ጽሑፍ አነበቡ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶችና ወሮች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጽሑፉ ፈንጣጣና ጉድፍ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች መሆናቸውን የሚያስረዳ ነበር። ሄበርደንን ያሳሰባቸው ጉድፉ ራሱ አይደለም። ጉድፍ የወጣበት ሰው «ፈንጣጣዬን ጨርሻለሁ» ብሎ መዘናጋቱ፣ ተዘናግቶም በእውነተኛው ፈንጣጣ መለከፉ ነው። ሐኪሞች ቫሪሴላ የሚሉት ይህ በሽታ ወደ ሕክምና መጻሕፍት የገባው እንዲህ በፈንጣጣ ጥላ ሥር ሆኖ ነው።

ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ መቁጠሩን ቁም ነገር ያለው ሰው እምብዛም አልነበረም። በልጅነቱ ያልያዘው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ትኩሳት፣ ማሳከክ፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ፣ በሳምንቱ ቅርፊት፣ ከዚያ ወደ ጨዋታ። እናት የልጇን ጥፍር ትቆርጣለች፣ እንዳያክ ትቆጣዋለች፣ ሌላ የምታደርገው የለም። ጥቂቶቹ ልጆች ግን ሳንባቸው ወይም አንጎላቸው ተነክቶ ይሞታሉ። ሉኪሚያ ያለበት ልጅ፣ ነፍሰ ጡር ሴት፣ በጉልምስናው የተያዘ ሰው ደግሞ የባሰ አደጋ ላይ ናቸው። እነዚህ ግን በየቤቱ ተበታትነው የሚደርሱ ሐዘኖች እንጂ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ የሚታዩ አልነበሩም።

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቡዳፔስት ላይ ያኖሽ ቦካይ የተባሉ ሐኪም አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ። አልማዝ ባለጭራ የወጣበት አዋቂ ባለበት ቤት ሕፃናቱን ጉድፍ ይይዛቸዋል። በ1950ዎቹ ቦስተን ላይ ቶማስ ዌለር ቫይረሱን ከሁለቱም ዓይነት ታማሚዎች ወስደው በላቦራቶሪ ሲያሳድጉት አንድ ሆኖ ተገኘ። ዌለር በፖሊዮ ቫይረስ ሥራቸው የ1954ቱን የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሳይንቲስቶች አንዱ ናቸው።

በትዕግሥት ከቆጠሩት ሰዎች መካከል ግን እኔ የማስቀድመው አንድ የከተማ ዳር ሐኪም ነው። ኤድጋር ሆፕ-ሲምፕሰን በእንግሊዟ ሳይረንሴስተር 3,500 ያህል ሰዎችን ያክሙ ነበር። ከ1947 እስከ 1962 ባሉት 16 ዓመታት በታካሚዎቻቸው ላይ የወጣውን አልማዝ ባለጭራ አንድ በአንድ መዘገቡ፤ 192 ሆነ። በሽታው ከዕድሜ ጋር እየበዛ ይሄዳል፤ የጉድፍ ወረርሽኝ መጣ ተብሎ ግን አይጨምርም። በ1965 ባሳተሙት ጥናት የደረሱበትን አስቀመጡ። ቫይረሱ ከጉድፍ በኋላ ከሰውነት አይወጣም፤ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይተኛል፤ የሰውየው መከላከያ ሲላላ ይነቃል። አያይዘውም ሌላ ግምት ጣሉ፤ አዋቂዎች ጉድፍ ከያዛቸው ሕፃናት ጋር በተገናኙ ቁጥር መከላከያቸው ይታደሳል አሉ። የመጀመሪያው ግምት በኋላ በላቦራቶሪ ተረጋገጠ። ሁለተኛው፣ እንደምናየው፣ የአገራቸውን መንግሥት ለሠላሳ ዓመት ያህል እጁን ይዞታል።

ሆፕ-ሲምፕሰን ያንን ጥናት ሲያሰናዱ፣ በ1964፣ ጃፓናዊው ሐኪም ሚቺያኪ ታካሃሺ ለምርምር ወደ ሂዩስተን፣ ቴክሳስ ተሻግረው ነበር። የሦስት ዓመት ልጃቸው ከአንድ ጓደኛው ጉድፍ ተጋባበት። ሽፍታው ከፊቱ ጀምሮ መላ ሰውነቱን ሸፈነው፤ ትኩሳቱ ናረ፤ ትንፋሽ አጠረው። አባትና እናት አልጋው አጠገብ እየተፈራረቁ ሳይሆን አብረው ነበር የሚያድሩት። ልጁ ዳነ። ታካሃሺ በኩፍኝና በፖሊዮ ቫይረሶች ላይ የሠሩ ሰው ስለነበሩ ያንኑ እውቀት በጉድፍ ላይ ለማዋል ወሰኑ።

ኦሳካ ተመልሰው ኦካ ከሚባል ቤተሰብ የሦስት ዓመት ልጅ ላይ ቫይረሱን ወሰዱ። ዛሬ በብዙ አገር የሚሰጠው የጉድፍ ክትባት ስሙን ያገኘው ከዚያ ልጅ ቤተሰብ ነው። ቫይረሱን በመጀመሪያ በሰው ሴሎች ውስጥ፣ ከሰውነት ሙቀት ዝቅ ባለ 34 ዲግሪ፣ 11 ጊዜ አሳለፉት። ከዚያ በጊኒ ፒግ ሴሎች ውስጥ 12 ጊዜ። እንግዳ ሴልና እንግዳ ሙቀት የለመደ ቫይረስ በሰው ላይ ያለው ጉልበት ይላላል፤ ሰውነት ግን አሁንም ያውቀዋል። አንድ የሆስፒታል ክፍል ውስጥ ጉድፍ ሲገባ በበሽታው ተይዘው የማያውቁ 23 ልጆችን ፈጥነው ከተቡ። አንዳቸውም አልታመሙም። ውጤቱ በ1974 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ።

ምስጋናው ግን ወዲያው አልመጣም። ነርቭ ውስጥ የሚተኛ ቫይረስ ሕያው ሆኖ በጤነኛ ልጅ ክንድ ላይ ሊወጋ ነው? ከአርባ ዓመት በኋላ ቢነቃስ? የጠየቁት ሰዎች ፈሪዎች አልነበሩም፤ ጥያቄው ያኔም አሁንም ተገቢ ነው። ጃፓን ፈቃድ የሰጠችው በ1986 ነው።

በእነዚያው ዓመታት በአፍሪካ ቀንድ ጉድፍ የነበረው ሚና ሌላ ነው፤ ያሳስት ነበር። ኢትዮጵያ የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻዋን የጀመረችው በ1971 መግቢያ፣ በእኛ ጥር 1963 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሪፖርት የተደረገው ታማሚ አንድ ሺሕ እንኳ አይሞላም። የዘመቻው ሠራተኞች በእግርና በበቅሎ መንደር ለመንደር ሲዞሩ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ታማሚ ተገኘ። በሽታው አልጨመረም፤ የሚያየው ሰው መጣለት እንጂ። በአገሪቱ የነበረው ፈንጣጣ ቀለል ያለው ዓይነት ስለሆነ ከጉድፍ መለየቱ የሠለጠነ ዓይን ይጠይቃል። የፈንጣጣ ሽፍታ ፊት፣ እጅና እግር ላይ ይበረታል፣ መዳፍንና ውስጥ እግርን አይምርም፣ ሁሉም እኩል ይበስላል። የጉድፍ ግን ደረትና ጀርባ ላይ ይበዛል፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይደርቃል። ሠራተኞቹ ይህን በልባቸው ይዘው፣ ሥዕል ያለበት ካርድ በእጃቸው ይዘው፣ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» እያሉ ገበያ ለገበያ ጠየቁ።

የኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ በኦገስት 1976 ኦጋዴን ውስጥ ዲሞ በምትባል መንደር ተገኘ። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው ደግሞ የሶማሊያዋ መርካ ሆስፒታል ምግብ አብሳይ አሊ ማው ማሊን ነው። በኦክቶበር 1977 ትኩሳት ሲይዘው ወባ ነው ተባለ። ሽፍታው ሲወጣ «ጉድፍ ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ ተላከ። ዓለም ለአሥር ዓመት ያሳደደው በሽታ የመጨረሻ ማረፊያው ላይ ሊያመልጥ የነበረው በጉድፍ ስም ተሸሽጎ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ቀንዱ ከፈንጣጣ ነጻ መሆኑን ለማረጋገጥ ከየመንደሩ ቅርፊት እየተለቀመ ወደ ውጭ ላቦራቶሪ ተላከ። የሚመለሰው መልስ ብዙውን ጊዜ ጉድፍ ነበር። ለጉድፍ ይህን ያህል ሰው፣ መኪናና ገንዘብ በአካባቢያችን የወጣበት ሌላ ጊዜ አላውቅም፤ የወጣው ግን ፈንጣጣ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ነበር።

አሜሪካ በ1972 ጉድፍን በአገር አቀፍ ደረጃ ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች ተርታ አስገባችው። በ1981 አወጣችው። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። በዓመት አራት ሚሊዮን ያህል ሰው ይያዛል፣ ይህም በዓመት ከሚወለደው ሕፃን ቁጥር ጋር ይስተካከላል። ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ጥቂቱ ነው፤ ከሄደውም ቅጽ የሚሞላለት ጥቂቱ። ጉድፍን መቁጠር ጤፍ እንደ መቁጠር ነበር፤ ቆጥረው ሲጨርሱም የሚያደርጉበት ነገር የለም። መድኃኒቱ ትዕግሥት፣ መከላከያው ዕድል ለሆነ በሽታ የጤና ቢሮ ጸሐፊ ቀኑን ቢያባክን ማንን ይጠቅማል? እኔ በዚህ ውሳኔ አልፈርድም። መንግሥታት የሚቆጥሩት ሊያደርጉበት ያሰቡትን ነው፤ በ1981 ደግሞ አሜሪካ በጉድፍ ላይ የምታደርገው አልነበራትም።

ማርች 1995 ላይ ነገሩ ተለወጠ። የኦካ ክትባት በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ላሉ ሕፃናት ሁሉ እንዲሰጥ ተመከረ። ያን ጊዜ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ባለሙያዎች ባዶ መዝገብ ፊት ቆመው ራሳቸውን አገኙ። ክትባት ሠራ ለማለት ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ መታወቅ አለበት። ለኩፍኝና ለፖሊዮ የዘመናት ቁጥር ነበራቸው። ለጉድፍ ግን ግምት ነበራቸው፤ በዓመት ከ10,500 እስከ 13,500 ሰው ሆስፒታል ይተኛል፣ ከ100 እስከ 150 ይሞታል። አገሪቱን በሙሉ እንዳይቆጥሩ የሚሊዮኖች ጉዳይ ነው።

የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከሉ፣ ሁሉም ሲዲሲ የሚለው፣ ብልህ መንገድ መረጠ። ሦስት ቦታዎችን ለይቶ እነሱን በደንብ መቁጠር። አንደኛው ከሎስ አንጀለስ በስተ ሰሜን ያለው በረሃማው አንቴሎፕ ቫሊ ነው። ሁለተኛው ዋና ከተማው ኦስቲን የሆነው የቴክሳሱ ትራቪስ ካውንቲ። ሦስተኛው ምዕራብ ፊላደልፊያ፣ የኛ ሰው በእንጀራ ቤቶቹ የሚያውቀው ሰፈር። በእያንዳንዱ ቦታ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለ፤ ሀብታሙም ድሃውም፣ ነጩም ጥቁሩም፣ ከሜክሲኮ የመጣውም።

አሠራሩ ቀላል ነበር፣ ትጋቱ ግን ቀላል አልነበረም። ትምህርት ቤቶች፣ የሕፃናት ማቆያዎች፣ ክሊኒኮች፣ ሆስፒታሎች በየሁለት ሳምንቱ ሪፖርት ያደርጋሉ። ማንም ካልታመመም «የለም» ብለው ይልካሉ። በአገራችን የፖሊዮ ቅኝት ላይ የሠራ ሰው ይህን በዜሮ ሪፖርት ስሙ ያውቀዋል። ዝምታና ዜሮ አንድ አይደሉም። ዜሮ የላከው ክሊኒክ አይቶ ያጣ ነው፤ ዝም ያለው ምናልባት አላየም። ስም በደረሰ ቁጥር አንድ ሠራተኛ ወደ ታማሚው ቤት ይደውላል። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? ክትባት ወስዷል? መቼ? ቤት ውስጥ ሌላ የታመመ አለ? ከዚያም እናቶችን ሳያስገርም የማይቀረው ጥያቄ ይመጣል፤ ሽፍታው ስንት ነው? ከ50 ያነሰ ነው ወይስ ከ500 የበዛ? ይህ የቁጥር ጥያቄ በኋላ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ሆኗል።

የቀረው ስጋት ያልተነገራቸው ታማሚ ነው። ለዚህም ዘዴ ነበራቸው። ከትምህርት ቤቶችና ከማቆያዎች የመጣውን ዝርዝር ከሐኪሞች ከመጣው ጋር ያስተያዩታል። ሁለቱም ላይ የሚገኘው ስም ብዙ ከሆነ ያመለጣቸው ጥቂት ነው፤ ሁለቱ ዝርዝሮች ካልተገናኙ ግን ከሁለቱም ውጭ የቀረ ብዙ ሰው አለ። የዱር አራዊት አጥኚዎች ሲጠቀሙበት የኖሩት ሒሳብ ነው።

የተከተበውን ቁጥር ለማወቅ ሌላ መንገድ ነበር። ከ1994 ጀምሮ በሚካሄደው አገር አቀፍ የክትባት ዳሰሳ ጠያቂዎች በዕጣ ወደተገኘ ስልክ ቁጥር ይደውላሉ፣ ከ19 እስከ 35 ወር ያለ ሕፃን ያለበት ቤት ሲያገኙ ወላጁን ያነጋግራሉ፣ ፈቃዱን ሲሰጥ ደግሞ ለሕፃኑ ሐኪም ጽፈው ካርዱን ያመሳክራሉ። የወላጅ ትዝታ ብቻውን አይታመንም፤ የሐኪሙ መዝገብ ይጨመርበታል። በ1997 የጉድፍ ክትባት ያገኙት ሕፃናት 27 በመቶ ነበሩ። በ2005 ደግሞ 88 በመቶ። በመካከሉ የየግዛቱ ሕግ አውጪዎች «ያልተከተበ ወይም ጉድፍ ያልወጣበት ልጅ ትምህርት ቤት አይገባም» ማለት ጀምረው ነበር፤ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ የሠራው ይህ ይመስለኛል።

የ1996 የስደተኞች ሕግ ደግሞ ጉዳዩን እስከ አዲስ አበባ አደረሰው። ሕጉ የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው የአገሪቱ የክትባት አማካሪ ኮሚቴ የሚመክራቸውን ክትባቶች መውሰዱን እንዲያሳይ ያዛል፤ የጉድፍ ክትባትም በዝርዝሩ ገባ። ዲቪ የደረሰው ሰው ለምርመራ ሲቀርብ በልጅነቱ ጉድፍ ወጥቶበት እንደሆነ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። በእናቱ ጓዳ ተኝቶ ያሳለፈው ሳምንት ከሠላሳ ዓመት በኋላ በአሜሪካ መዝገብ ላይ አንድ ምልክት ይሆናል። ካላስታወሰ ወይ የደም ምርመራ፣ ወይ መርፌ።

በሽታው እየቀነሰ ሲመጣ ቆጣሪዎቹ ከሞት ጀመሩ። ሚሊዮን ታማሚ መቁጠር ባይቻል መቶ ሟች መቁጠር ይቻላል። ከጃኑዋሪ 1999 ጀምሮ በጉድፍ የሞተ ሰው ሁሉ በአገር አቀፍ ደረጃ ሪፖርት እንዲደረግ ተወሰነ። የሞት የምስክር ወረቀቶች ሲፈተሹ ከ1990 እስከ 1994 በአማካይ በዓመት 145 ሰው ይሞት የነበረው ከ1999 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ወደ 66 ወርዶ ተገኘ።

በ2002 የሦስቱ ቦታዎች ውጤት ታተመ። ከ1995 እስከ 2000 ባሉት ዓመታት ጉድፍ በአንቴሎፕ ቫሊ በ71 በመቶ፣ በምዕራብ ፊላደልፊያ በ79፣ በትራቪስ በ84 ቀነሰ። ከቁጥሩ ይልቅ ያስደነቀው የቀነሰባቸው ሰዎች ማንነት ነው። አዋቂዎችም ላይ ቀንሷል፤ ለመከተብ ያልደረሱ፣ ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናትም ላይ። እነዚህን የጠበቃቸው የታላቆቻቸው መርፌ ነው። በኋላ በተሠራ ጥናት በእነዚሁ ጨቅላዎች ላይ ከ1995 እስከ 2008 ድረስ የቀነሰው 89.7 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል።

ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። በዲሴምበር 2000 ኒው ሃምፕሸር ውስጥ በአንድ የሕፃናት ማቆያ ጉድፍ ገባ። ያስገባው ከሦስት ዓመት በፊት የተከተበ ጤነኛ ልጅ ነው። ከ88 ልጆች 25ቱን ያዘ። አጥኚዎቹ ሲያሰሉት ክትባቱ በዚያ ማቆያ ከማንኛውም ዓይነት ጉድፍ የተከላከለው 44 በመቶ ብቻ ነው፤ ከመካከለኛና ከከባድ ሕመም ግን 86 በመቶ ተከላክሏል። የአንቴሎፕ ቫሊ መዝገብም ቀስ በቀስ ያንኑ ይናገር ጀመር። አንድ ዶዝ ልጁን ከሆስፒታል ያድነዋል፤ ቫይረሱን ከትምህርት ቤት ግን አያስወጣውም። ከተከተቡ ልጆች መካከል የሚታመመው፣ ከተከተበበት ጊዜ በራቀ ቁጥር ይበረክታል። ይህን ማየት የተቻለው በእያንዳንዱ ታማሚ ስም ላይ የክትባቱ ቀንና የሽፍታው ብዛት ስለተጻፈ ነው። በጥቅሉ «ጉድፍ ቀነሰ» ብቻ ቢባል ኖሮ ነገሩ ተሸፍኖ ይቀር ነበር።

በ2006 አማካሪ ኮሚቴው ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ ከ4 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ሁለተኛ ዶዝ እንዲወስዱ መከረ። ከሦስቱ የቅኝት ቦታዎች እስከ 2010 ድረስ በዘለቁት ሁለቱ ጉድፍ ከ1995 ጋር ሲነጻጸር በ98 በመቶ ወረደ። ቦታዎቹም በዚያው ዓመት ሥራቸውን አጠናቀቁ።

ቆጠራው ግን አላበቃም፤ እንዲያውም ከበደ። የግዛቶች የኤፒዲሚዮሎጂ ባለሙያዎች ምክር ቤት በ2002 ሁሉም ግዛት እስከ 2005 ድረስ ጉድፍን በየታማሚው መመዝገብ እንዲጀምር ጠይቆ ነበር። በ1981 የተሰረዘው በሽታ እንደገና ስም በስም ሊጻፍ ነው። አራት ሚሊዮን ሲሆን የማይቻለው፣ በሺዎች ሲሆን ተቻለ። አዲስ ችግርም ይዞ መጣ። ተከትቦ የታመመ ልጅ ላይ የሚወጣው ሽፍታ ከ50 ያነሰ፣ ውሃ ያልቋጠረ፣ የትንኝ ንክሻ የሚመስል ነው። አያት በሩቁ የሚለዩትን በሽታ አሁን ወጣት ሐኪም በአጉሊ መነጽር አይለየውም፤ በሥልጠናው ዘመን አላየውማ። ስለዚህ ቅርፊቱ ተነስቶ ለዘረመል ምርመራ ይላካል። ለአንድ ልጅ ሦስት ነጠብጣብ የሚወጣው ድካም ድሮ ለአንድ ትምህርት ቤት ወረርሽኝ አልወጣም። ሥራውን የሚያውቁት ሰዎች ይህን እንደ ስኬት ምልክት ያዩታል፤ በጀት የሚመድቡት ሁልጊዜ አያዩትም።

በዚህ መሃል ሌሎች አገሮች ገብተዋል። ጀርመን በ2004፣ አውስትራሊያ በ2005፣ እስራኤል በ2008። እያንዳንዱ አገር ወደ ራሱ ቆጠራ ዞሯል። ከሁሉም ጀርባ ግን አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ ነበር፤ ጉድፍ ከጠፋ አልማዝ ባለጭራ ይበዛ ይሆን? በአሜሪካ የአረጋውያን የጤና መድን መዝገቦች ሲመረመሩ አልማዝ ባለጭራ በእርግጥ እየጨመረ ነበር። ጭማሪው የጀመረው ግን ከክትባቱ በፊት ነው፤ ክትባቱ ከመጣ በኋላም አልፈጠነም። በተከተቡ ልጆች ላይ ደግሞ አልማዝ ባለጭራ ካልተከተቡት በ78 በመቶ አንሶ መገኘቱ በ2019 ታትሟል። በ1974 ሰዎች የፈሩት ነገር፣ ተኝቶ የሚነቃው የክትባት ቫይረስ፣ ቢያንስ በልጆች ላይ ከተፈጥሮው የዋህ ሆኖ ተገኘ።

ሚቺያኪ ታካሃሺ በዲሴምበር 2013 በ85 ዓመታቸው አረፉ። አገራቸው ጃፓን ክትባቱን ለሕፃናት ሁሉ በመደበኛነት መስጠት የጀመረችው ከአሥር ወር በኋላ፣ በኦክቶበር 2014 ነው። እስከዚያ ድረስ ወላጅ ከፈለገ ከኪሱ ከፍሎ ነበር የሚያስከትበው። ክትባቱ የተፈለሰፈበት አገር ከገዛው አገር በ19 ዓመት ዘገየ።

በዚያው በ2014 የዓለም ጤና ድርጅት አቋሙን አወጣ። ጉድፍ ከባድ የጤና ችግር የሆነባቸው አገሮች ክትባቱን ያስቡበት፤ ሲጀምሩ ግን 80 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆኑ ሕፃናትን ሳያቋርጡ መከተብ መቻል አለባቸው። በግማሽ የተከተበ ሕዝብ ውስጥ ቫይረሱ እየቀነሰ ይዞራል፤ ያልተከተበው ልጅ ሳይያዝ ያድግና በሃያና በሠላሳ ዓመቱ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ሕመሙ ይከፋል። ድርጅቱ አያይዞ አገሮች አስቀድመው የበሽታውን ጫና እንዲያጠኑና ቅኝት እንዲያቋቁሙ መክሯል። የኢትዮጵያ መደበኛ ክትባት በ1980 በስድስት በሽታዎች ጀምሮ ዛሬ በእጥፍ ሰፍቷል፤ ጉድፍ ግን ውስጡ የለም። በየሳምንቱ ከየጤና ጣቢያው ሪፖርት ከሚደረጉት በሽታዎች መካከልም ለራሱ የቆመ ቦታ አላገኘም። ኩፍኝ ገና ሕፃናት በሚገድልበት አገር ቅደም ተከተሉ ያስኬዳል ባይ ነኝ። ሆኖም በሜይ 2025 ሞያሌ ላይ የመጀመሪያው የኤምፖክስ ታማሚ ሲረጋገጥ፣ ሽፍታ ያለበትን ሰው ሁሉ «ጉድፍ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ እንደገና የጤና ባለሙያው የዕለት ሥራ ሆኗል።

በ2022 አሜሪካውያኑ የሃያ አምስት ዓመቱን ሒሳብ ዘጉ። በእነሱ ስሌት ክትባቱ 91 ሚሊዮን ሕመም፣ 238,000 የሆስፒታል መተኛት፣ ሁለት ሺሕ ገደማ ሞት አስቀርቷል። በሽታው ከ97 በመቶ በላይ ቀንሷል። እነዚህ ቁጥሮች ያልሆነ ነገር ቁጥሮች ናቸውና በጥርጣሬ መያዝ ይገባቸዋል። ሆኖም በ1995 በሦስት ቦታ የተጀመረው መዝገብ ባይኖር ኖሮ ጥርጣሬውን እንኳ በቅጡ ለማንሳት አይቻልም ነበር።

እንግሊዝ እስከዚህ ድረስ ዳር ቆማ ታይ ነበር። የቤተሰብ ሐኪሞቿ መረብ ለአሥርት ዓመታት ጉድፍን በናሙና ሲከታተል ኖሯል፤ የሒሳብ ሊቃውንቷ ደግሞ የሆፕ-ሲምፕሰንን ሁለተኛ ግምት ይዘው ለወደፊቱ ሲያሰሉ፣ ሕፃናትን ብንከትብ አያቶች በአልማዝ ባለጭራ ይጎዳሉ የሚል መልስ ይወጣላቸው ነበር። የክትባት አማካሪዎቿም ለዓመታት «ይቅር» ሲሉ ቆዩ። የአሜሪካው የሩብ ምዕተ ዓመት መዝገብ የተፈራውን ባለማሳየቱ በኖቬምበር 2023 ሐሳባቸውን ቀይረው ለሕፃናት ሁሉ ሁለት ዶዝ መከሩ። ቀጥሎ የመጣው ግን መርፌው አልነበረም። በኤፕሪል 2025 ጉድፍ በእንግሊዝ ሐኪም ሁሉ የማሳወቅ ግዴታ ካለበት የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። የመጀመሪያዎቹ ሕፃናት፣ በ12 እና በ18 ወራቸው ሊወስዱት የተመደበላቸውን ክትባት፣ ከኩፍኝ፣ ከጆሮ ደግፍና ከሩቤላ ጋር በአንድ መርፌ መከተብ የጀመሩት በጃኑዋሪ 2026፣ መዝገቡ በተከፈተ በዘጠነኛው ወር ነው።